አንድ ስም በሁለት ፊደል፦ ኮምፒውተር ስሞችን እንዴት ያመሳክራል?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ መዝገብ ላይ የሚጽፈው ግን ሰው ነው። ዘንድሮ የኮምፒውተር ክበብ ተማሪዎቻችን የመዝገብ ደብተሮቹን ወደ ኮምፒውተር ሲያስገቡ አንዲት የ5ኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ሰው ሆና ተገኘች። በአንዱ ደብተር «ሐሊማ»፣ በሌላው «ሀሊማ» ተብላለች (ስሟን ለዚህ ጽሑፍ ስል ቀይሬዋለሁ)። የመጀመሪያው ተርም ውጤት በአንደኛው ስም፣ የሁለተኛው ተርም በሌላው ስለገባ፣ ኮምፒውተሩ ሁለቱንም «ፈተና ያላሟሉ» ብሎ አወጣቸው። ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም። ከሁለቱ ጽሑፎች አንዱ የእኔው የእጅ ጽሑፍ ነው።

ልጆቹ ነገሩን ሲያስረዱኝ እኔም ብዙ ተማርኩ። ለወላጆችም ለመምህራንም ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ እንደሚከተለው አቀርበዋለሁ።

ኮምፒውተር የሚያውቀው ፊደልን ሳይሆን ቁጥርን ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር አገኘ። «ሀ» 4608፣ «ሐ» 4624፣ «ኀ» 4736 ነው። አማርኛ ስንናገር ሦስቱም ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን እንደ «ለ» እና «መ» የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ስም ማለት ለእርሱ የቁጥሮች ተርታ ነው። ፕሮግራመሮች ይህን ተርታ «ስትሪንግ» ይሉታል።

ሁለት ስሞች አንድ መሆናቸውን ለማወቅ የተለመደው መንገድ ፊደል በፊደል ማመሳከር ነው። «መሐመድ አሊ ሁሴን» እና «መሐመድ አሊ ሐሰን» የሚሉትን ስሞች እንውሰድ። ክፍት ቦታዎቹ ተቆጥረው እስከ 8ኛው ድረስ አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት 9ኛው ላይ ነው። ስሞቹ ፍጹም አንድ ቢሆኑ ደግሞ እስከ መጨረሻው ፊደል ሳይደርስ አያረጋግጥም። ለሁለት ስም ይህ ምንም አይደለም። ነገር ግን 600 ስሞች ያሉበትን መዝገብ እያንዳንዱን ከሌላው ጋር እናመሳክር ብንል 179,700 ጊዜ ማመሳከር ይጠይቃል፤ ያውም እያንዳንዱን ፊደል በፊደል።

ለዚህ መፍትሔ የሆነው ዘዴ «ኢንተርኒንግ» ይባላል። ዘዴው በብዙ የፕሮግራም ላይብረሪዎች፣ ማለትም ሌሎች ባለሙያዎች አስቀድመው ባዘጋጇቸው የኮድ ስብስቦች ውስጥ ይገኛል። ላይብረሪው አንድ የጋራ መዝገብ ይይዛል። ስም ሲመጣለት «ይህ ከዚህ በፊት ገብቷል?» ብሎ ይጠይቃል። ካልገባ ያስቀምጠውና የተቀመጠበትን አድራሻ ይሰጣል። ገብቶ ከሆነ ግን ሁለተኛ ቅጂ አያስቀምጥም፤ ያንኑ የቀድሞውን አድራሻ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ «ስማቸው አንድ ነው?» የሚለው ጥያቄ «አድራሻቸው አንድ ነው?» ወደሚል ይለወጣል። ስሙ 4 ፊደል ይሁን 40፣ መልሱ በአንድ እርምጃ ይገኛል። በትምህርት ቤታችን የተማሪውን ሙሉ ስም ከማንበብ ይልቅ የካርድ ቁጥሩን እንደምናየው ማለት ነው።

መዝገቡን መፈለግስ ጊዜ አይወስድም? የቢሯችንን የፋይል ካቢኔ አስቡ። ጸሐፊያችን ፋይል ስትፈልግ ሁሉንም መሳቢያ አትከፍትም። ላይብረሪውም ከስሙ ፊደላት ቁጥሮች ላይ «ሃሽ» የተባለ ስሌት ሠርቶ የትኛውን መሳቢያ እንደሚከፍት አስቀድሞ ያውቃል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጆን ማካርቲ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ሊስፕ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስሞችን የሚይዘው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ ጃቫና ፓይተንም ይሠሩበታል። የክበባችን ልጆች የተጠቀሙት የፓይተንን ነው።

ሆኖም ዘዴው ሦስት ጥንቃቄዎችን ይፈልጋል። አንደኛ፣ ስሙን መጀመሪያ መዝገብ ውስጥ ማስገባት ራሱ ሥራ ስለሆነ፣ የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ ለሚመሳከር ስም ነው። አንድ ጊዜ ተነቦ ለሚቀር ጽሑፍ ድካም ነው። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ስሞች በመዝገቡ ያለፉ መሆን አለባቸው። አንዱ ካላለፈ ፊደሉ ሁሉ አንድ ሆኖ ሳለ አድራሻው ይለያያል፤ ኮምፒውተሩም «አንድ አይደሉም» ይላል። ጃቫ የሚማሩ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛውና ለእኛ ትልቁ፣ መዝገቡ የሚያውቀው አጻጻፍን ብቻ ነው፤ ድምፅንም ሰውንም አያውቅም።

የሞያሌ ሰው ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። «ጉዮ» የሚለውን ስም እንውሰድ። ከድንበሩ ወዲያ በቁቤ ሲጻፍ «ዋይ»ም «ኦ»ም ይደገማሉ፤ ወዲህ በኬንያ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋሉ፤ በአማርኛ ደግሞ በፊደላችን ይሰፍራል። አንድ ልጅ ሦስት አጻጻፍ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በተቃራኒው ስማቸው እስከ አያት አንድ የሆነ ሁለት ልጆች በአንድ ክፍል ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ኢንተርኒንግ ለሁለቱም አንድ አድራሻ ይሰጣል። ስለዚህ ለስሙ አንድ ቁጥር፣ ለሰውየው ደግሞ ሌላ ቁጥር ያስፈልጋል። የኬንያ ትምህርት ሚኒስቴር ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን መለያ መስጠቱም ለዚህ ነው።

ልጆቻችን ችግሩን የፈቱት እንዲህ ነው። ስሙ ወደ መዝገቡ ከመግባቱ በፊት «ሐ» እና «ኀ»ን ወደ «ሀ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ» የሚመልስ አጭር ፕሮግራም ጻፉ። ይህ ግን ለፍለጋ ብቻ ነው። «ታዲያ ሰርተፊኬቱ ላይስ የቱ ይጻፍ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «ቤተሰቧ የሚጽፈው» አልኳቸው። ስም የባለቤቱ ነው፤ ለማሽን እንዲመች ብለን አናርመውም። አባቷን ጠርተን ጠየቅናቸው፤ «በሐመሩ ሐ ነው» አሉን። የሁለቱ ተርም ውጤት ተገናኘ፣ ካርዷም በትክክለኛው ስሟ ወጣ።

ስለዚህ አደራ የምለው ይህ ነው። ወላጆች፣ ልጅ ስታስመዘግቡ የልደት ሰርተፊኬቱን ይዛችሁ ኑ፤ ከወዲያ ማዶ የተጻፈ ሌላ ወረቀት ካለም አሳዩን፣ ሁለቱንም እናያይዛለን። መምህራን፣ ስምን ከሰነድ ቅዱ እንጂ በጆሮ ሰምታችሁ አትጻፉ፤ ይህን ለራሴም ጭምር ነው የምለው። ተማሪዎች ደግሞ ስማችሁ እንዴት እንደሚጻፍ ዛሬውኑ ከቤተሰባችሁ ጠይቁ፣ በተሳሳተ ጊዜም ሳታፍሩ ንገሩን። ኮምፒውተር የሰጠነውን በፍጥነት ያመሳክራል፤ ትክክለኛውን መስጠት ግን የእኛ ሥራ ነው።