የማርክ ሊስቱን ማሽን ሲያነበው



በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 845,099 ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ። ይህም 3.2 ከመቶ መሆኑ ነው። አሃዙ ያላስደነገጠው መምህር የለም። ይሁን እንጂ ቴርሞሜትር ትኩሳቱን እንጂ በሽታውን አይናገርም። የትኛው ምዕራፍ እንዳልገባ፣ የትኛው ልጅ የት ላይ እንደቀረ የሚታወቀው በየክፍሉ ከሚያዘው የማርክ ሊስት ነው። ታዲያ 60 ተማሪ የያዘ መምህር ይህን ሁሉ በምን ጊዜው ይመረምራል?

እንግዲህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። ቻትጂፒቲንና ጀሚናይን የመሳሰሉ ረዳቶች ውጤቱ በሰንጠረዥ ሲሰጣቸው በደቂቃ ውስጥ ይደምራሉ፣ ያወዳድራሉ፣ በቡድን ይከፍላሉ።

ጥቅሙን በምሳሌ እንየው። ከ20 በታረመ ፈተና የአንደኛው ቡድን 5 ተማሪዎች 11፣ 12፣ 12፣ 12 እና 13 አገኙ እንበል። የሁለተኛው ቡድን ደግሞ 4፣ 5፣ 15፣ 18 እና 18። የሁለቱም አማካይ 12 ነው! አማካዩን ብቻ ያየ መምህር ሁለቱን ቡድኖች እኩል ናቸው ብሎ ያልፋል፤ በሁለተኛው ውስጥ ግን ሁለት ልጆች ወድቀዋል። ስለዚህ ረዳቱን «ከ10 በታች ያሉትን ለይ፤ በየጥያቄው ስንት ተማሪ እንደሳተ ቁጠር» ብለን እንዘዘው። ከ50 ተማሪዎች 41ዱ 7ኛውን ጥያቄ ከሳቱ፣ ልጆቹን ከመውቀሳችን በፊት አስተማመራችንን፣ የጥያቄውን አጻጻፍና የመልስ ቁልፉን እንመርምር።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ። አንዲት ተማሪ ከ10 በሚታረሙ ሦስት ፈተናዎች 8፣ 7 እና 9 አገኘች፤ አራተኛውን በአጨዳ ሰሞን ቀርታ አልተፈተነችም እንበል። የተፈተነችው ብቻ ሲታሰብ አማካይዋ 8 ነው። ባዶው ቦታ እንደ ዜሮ ከተቆጠረ ግን ወደ 6 ይወርዳል። ማሽኑም «ውጤቷ እያሽቆለቆለ ነው» ሊል ይችላል። ልጅቷ ማሳ ላይ መዋሏን ሰንጠረዡ ከየት ያውቃል? ያን የሚያውቀው ስሟን ጠርቶ ያጣት መምህር ነው።

በመሆኑም የሚከተሉትን ማስተዋል ይገባል፦

1ኛ/ የተማሪ ስም አናስገባ፤ በቁጥር እንተካው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የልጅ ማርክም የግል መረጃ ነው።

2ኛ/ ያልተፈተነ ተማሪ «ቀሪ» ተብሎ ይጻፍ፤ ዜሮ አይሞላለት።

3ኛ/ እነዚህ ረዳቶች የተሠሩት ቀጣዩን ቃል እየገመቱ እንዲጽፉ ነው። ስለሆነም የተሳሳተ ስሌት በሙሉ ልብ ሊያቀርቡ ይችላሉ። የሁለት የሦስት ተማሪ ውጤት በእጃችን አስልተን እናመሳክር።

4ኛ/ ማሽን ስላለ ብቻ ማንም ልጅ «ሰነፍ» አይባል፣ ክፍልም አይድገም። መጀመሪያ ልጁን፣ ቀጥሎ ወላጁን እናነጋግር።

ነገ እኛ ዕጩ መምህራን እንፍራንዝ ዙሪያም ሆነ ጣና ዳር ስንመደብ ኔትወርክ ላይኖር፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል። ቢሆንም በየጥያቄው የሳተውን መቁጠር በወረቀትና በእርሳስም ይቻላል። እስቲ ለፕራክቲከም ስንወጣ በአንድ ፈተና እንጀምረው!