የሞተር መንኳኳት

የሞተር መንኳኳት ሞተር ሲሠራ ከተለመደው ድምፅ ውጪ የሚሰማ የመምታት ወይም የመንቀጫቀጭ ድምፅ ነው። በአሮጌ መኪና ላይ የሚበዛው ዕቃዎቹ ተበልተው በመካከላቸው ያለው ክፍተት ስለሚሰፋ ነው። አንዳንዱ ድምፅ ጉዳት የለውም፤ ሌላው ግን ሞተሩን ከጥቅም ውጪ ያደርጋል።

ቅድመ ምርመራ

በመጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ የዘይቱ መጠን ይታያል። በጉዞ ላይ የዘይት መብራት ከበራ ሞተሩ ወዲያውኑ መጥፋት አለበት።

የድምፁ ዓይነትና ምክንያቱ

* ከሞተሩ አናት የሚመጣ ቀጭን ጠቅታ፦ ብዙውን ጊዜ የቫልቭ ክፍተት መስፋት ነው። ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ የሚከፈተው 400 ጊዜ ስለሆነ ጠቅታው ከሞተሩ ዙር ዝግ ይላል።
* ከታች የሚመጣ ወፍራም ምት፦ ፒስተንን ከክራንክሻፍት ጋር የሚያገናኘው ቢየላ ብሮንዚን ሲበላ ይሰማል።
* ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚሰማ ቀጭን ኳኳታ፦ ነዳጁ ያለ ጊዜው ሲቀጣጠል የሚፈጠር ነው። ዝቅተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ወይም የቀደመ የማቀጣጠያ ጊዜ ያመጣዋል።
* የቆርቆሮ መንቀጫቀጭ፦ የጭስ ማውጫው የሙቀት መከላከያ ሲላላ ይሰማል። ብሎኑን ማጥበቅ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

መለያ ዘዴ

መካኒኮች የአንዱን ሲሊንደር ማቀጣጠል ለአጭር ጊዜ ያቋርጣሉ። ምቱ ከቀነሰ ችግሩ በዚያ ሲሊንደር ቢየላ በኩል ሊሆን ይችላል፤ የቫልቭ ጠቅታ ግን እምብዛም አይለወጥም።

የቢየላ ምት በወፍራም ዘይት ለጊዜው ቢደበዝዝም አይድንም። መኪናው መነዳቱን ከቀጠለ ቢየላው ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ ሊበሳ ስለሚችል ወደ ጋራዥ የሚሄደው ተጎትቶ ነው።