ነጠላ ኩክኒ ያላት ጫጩት ከየት መጣች?

አዲስ የተፈለፈሉ ጫጩቶችን ቀረብ ብሎ ለተመለከተ፣ በራሳቸው ላይ ገና ጎልቶ ያልወጣ፣ ቅርጹ ግን ከወዲሁ የሚለይ የሰውነት ክፍል አለ፤ እርሱም ኩክኒ ነው። ሌግሆርን የተባለው ዝርያ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰደረ ነጠላ ኩክኒ አለው። የብራህማ ኩክኒ ሦስት ዝቅተኛ መስመሮች ያሉት ሲሆን አተር ኩክኒ ይባላል፤ የዋያንዶት ደግሞ ሰፊና ዝቅ ያለ፣ በጥቃቅን ጉብታዎች የተሞላ ጽጌረዳ ኩክኒ ነው። እነዚህ ቅርጾች በአገራችን ዶሮዎችም ላይ ይታያሉ።

ዋያንዶት እ.ኤ.አ. በ1883 በአሜሪካ እንደ ዝርያ ዕውቅና አግኝቷል። አርቢዎቹን ግን አንድ እንቆቅልሽ ሲያስቸግራቸው ኖሯል። ሁለቱም ወላጆች ጽጌረዳ ኩክኒ ያላቸው ሆነው ሳለ፣ ከጫጩቶቹ መካከል ነጠላ ኩክኒ ያላት ብቅ ትላለች። ለዘር እንዳትቀር ብትወገድም፣ በሚቀጥለው ትውልድ መሰሏ ትወለዳለች።

የእንቆቅልሹን ግማሽ የፈታው እንግሊዛዊው ዊልያም ቤትሰን ነው። ሜንዴል በአተር ተክል ላይ ያገኘው የውርስ ሕግ በእንስሳትም እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1902 በዶሮ ኩክኒ አሳየ። ጫጩት ከእያንዳንዱ ወላጅ አንድ የዘረመል ቅጂ ትወርሳለች፤ የጽጌረዳው ቅጂ የነጠላውን ይሸፍነዋል። ሁለቱም ወላጆች የተሸፈነውን ቅጂ ከያዙ፣ ነጠላ ኩክኒ ያላት ጫጩት የመወለድ ዕድሏ፣ ሁለት ሳንቲሞች ተወርውረው ሁለቱም ዘውድ እንደሚወድቁበት ዕድል፣ አንድ አራተኛ ነው።

ታዲያ ከብዙ ትውልድ ምርጫ በኋላ የተሸፈነው ቅጂ ስለ ምን አልተመናመነም? መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ጽጌረዳ ኩክኒ የሚፈጠረው 7.4 ሚሊዮን ገደማ የዲ ኤን ኤ ጥንዶችን የያዘ የክሮሞዞም ክፍል ተገልብጦ በመቀመጡ ነው። ግልበጣው አንዱን ዘረመል ያለ ቦታው እንዲሠራ ሲያደርግ፣ በጠርዙ ላይ የነበረ ሌላ ዘረመል ደግሞ ያበላሻል። በዚህም ምክንያት ሁለት የጽጌረዳ ቅጂ ያለው አውራ ዶሮ የዘር ሕዋሳቱ የመዋኘት አቅም ደካማ ይሆናል። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ግን ኩክኒው ጽጌረዳ፣ የመራባት አቅሙም ጤነኛ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጫጩቶችን የሚያስገኘው እርሱ ነው።

እንግዲህ የተናቀችው ጫጩት የዝርያው ጉድፍ ሳትሆን የመራባቱ ምልክት ናት። የነጠላውን ቅጂ ከመንጋው ፈጽሞ ማጥፋት የተሳካለት አርቢ፣ ያማረ ኩክኒና ጫጩት የማይወጣባቸው ብዙ እንቁላሎች ይቀሩታል።