በመኖሪያ ግቢ ያለን ዛፍ ከመቁረጥ በፊት
ለአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪዎች

1. መግቢያ

በአቃቂ ቃሊቲ ብዙው ቤት የቆመው በጥቁር መረሬ አፈር ላይ ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በሚያዝያና በግንቦት ግድግዳው የተሰነጠቀበት ባለቤት ብዙውን ጊዜ በአጠገቡ ያለውን ዛፍ ጥፋተኛ አድርጎ መጥረቢያ ያነሣል። ይህ ውሳኔ አንዳንዴ ትክክል ነው፤ አንዳንዴ ግን ዛፉም ቤቱም አብረው ይጎዳሉ። ይህ ጽሑፍ የዛፍ መቁረጫ ፈቃድ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ እንዴት እንደሚጠየቅና ባለግቢው ምን ማመዛዘን እንደሚገባው ለማስረዳት ተዘጋጅቷል።

2. ስለ ዛፍ መቁረጥ የወጡ ትእዛዞች

በዛፍ ጉዳይ የመንግሥት ትእዛዝ ለአዲስ አበባ አዲስ ነገር አይደለም። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ወደ ከተማይቱ ሲገባ ዳግማዊ ምኒልክ ችግኙን በማከፋፈልና ለተከሉት ሰዎች የግብር ምሕረት በማድረግ እንዲስፋፋ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1913 ግን ዛፉ ውኃ ያደርቃል በሚል ምክንያት ከቆመው ባሕር ዛፍ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ትእዛዝ ወጣ። ማገዶውና የቤት መሥሪያ እንጨቱ ከዚሁ ዛፍ ይገኝ ስለነበር ትእዛዙ በከፊል ብቻ ተፈጸመ። ከዚህ የምንማረው፣ ዛፍ በጅምላ የሚተከል ወይም በጅምላ የሚነቀል ሳይሆን በያለበት ቦታ ታይቶ የሚወሰንበት መሆኑን ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና የአበሻ ጥድን በስም ጠርቶ ልዩ ጥበቃ ሰጥቷቸው ነበር። ይህ አዋጅ በ1999 ዓ.ም. ተተክቷል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1065 ወጥቷል። እነዚህ አዋጆች በዋናነት ስለ ደን የሚናገሩ ናቸው። በከተማ ግቢ ውስጥ ላለ ዛፍ ግን ባለግቢው በቅርብ የሚያገኘው ወረዳውን ነው።

3. ፈቃዱ የሚመለከታቸው ጥያቄዎች

ሀ/ ዛፉ የማን ነው? ከአጥር ውጭ ወይም በመንገድ ዳር ያለ ዛፍ የባለግቢው አይደለም። በገላንና በቱሉ ዲምቱ ባሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢ ያለው ዛፍም የጋራ ንብረት ስለሆነ አንድ ነዋሪ ብቻውን ሊወስንበት አይችልም።

ለ/ ዛፉ ምን ዓይነት ነው? የባሕር ዛፍ ጉቶ መልሶ ያቆጠቁጣል። የአበሻ ጥድ ግን ከጉቶው አይበቅልም፤ እድገቱም አዝጋሚ በመሆኑ የቆረጠው ሰው ምትኩን ሳያይ ሊያረጅ ይችላል።

ሐ/ ዛፉ ሲወድቅ ማንን ይነካል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለንብረት በጎረቤቱ ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ይከለክላል። በጎረቤት ጣሪያ ላይ የወደቀ ግንድ ከማገዶው ዋጋ የበለጠ ያስከፍላል።

4. የፈቃድ አጠያየቅ

ጥያቄው ለወረዳው፣ የአረንጓዴ ልማት ሥራ ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ ይቀርባል። በማመልከቻው ላይ የዛፉን ዓይነት፣ ብዛት፣ ያለበትን ቦታና የመቁረጫውን ምክንያት መግለጽ ይገባል። የይዞታ ማስረጃና መታወቂያ ይዞ መሄድ፣ ፎቶግራፍ ማያያዝና ዛፉ ከአጥር አጠገብ ከሆነ የጎረቤትን ስምምነት አስቀድሞ ማግኘት ሥራውን ያቀልላል። ባለሙያ ቦታውን ለማየት ሲመጣ መቁረጥ ብቻ ሳይሆን መመልመል ይበቃ እንደሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል።

5. ዛፍና መረሬ አፈር

በቤት አጠገብ ያለ ትልቅ ዛፍ በበጋ ከመሠረቱ ሥር ውኃ ስለሚመጥ አፈሩ ይበልጥ ይኮማተራል። ዛፉ በድንገት ሲቆረጥ ደግሞ የደረቀው አፈር ውኃውን መልሶ እየያዘ ያብጣል፤ እብጠቱም ለተከታታይ ዓመታት ወለልና ግድግዳ ሊያነሣ ይችላል። ስለዚህ፦

— አስቀድሞ የጣሪያው ውኃ ወዴት እንደሚወርድ ይታይ። በመሠረቱ ዙሪያ የሚጠራቀም ከሆነ አሸንዳና መፍሰሻ ይሠራ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከዚህ ነው።
— ዛፉ ጤነኛ ከሆነ በአንድ ጊዜ ከመቁረጥ ቅርንጫፉን በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት መቀነስ ይሻላል። ግራቪሊያ ምልመላን በደንብ ይችላል።
— ግንዱ የበሰበሰ፣ ሥሩ የተነቀለ ወይም ወደ ቤት ያዘመመ ዛፍ ግን ክረምት ሳይገባ ፈቃድ ተጠይቆበት መውረድ አለበት።

6. ሲቆረጥና ከተቆረጠ በኋላ

ዛፉ ከጫፉ ጀምሮ በገመድ እየታሰረ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ይውረድ። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚነካ ከሆነ ባለግቢው እጁን ሳያስገባ ለመብራት አገልግሎት ያስታውቅ። የባሕር ዛፍ ጉቶ እንዳያቆጠቁጥ ከመሬት ጋር አስተካክሎ መቁረጥ፣ ልጡን መላጥና የሚወጣውን ቡቃያ በየጊዜው መስበር ያስፈልጋል።

በምትኩ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ኮክ ወይም ፕሪም መትከል ይቻላል። መረሬ አፈር ውኃ ስለሚያቁር ችግኙ ከፍ ባለ መደብ ላይ ይተከል። ባሕር ዛፍን እንደገና የሚተክል ሰው ቢያንስ ዛፉ አድጎ የሚደርስበትን ቁመት ያህል ከቤቱ ያርቀው።

ማሳሰቢያ፦ ለመቁረጥ ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ለማሳደግ ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ይፈጃል። ፈቃድ ለመጠየቅ የሚያልፈው ጊዜ ከሁለቱ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።