ገንዘብና መሣሪያ ለተማሪዎች ፈጠራ፦ የካምፓላ ልምድ

የሳይንስ ትምህርት በመጽሐፍ ይጀመራል እንጂ በመጽሐፍ አያልቅም። ዋናን በቃል ብቻ የተማረ ሰው ወንዝ ሊሻገር እንደማይችል ሁሉ፣ የኤሌክትሪክን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ያየ ተማሪም አንዲት አነስተኛ መሣሪያ እንኳ ሠርቶ ለማንቀሳቀስ ይቸገራል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የሮቦት ሥራ ነው።

ሮቦት ማለት በዙሪያው ያለውን ሁኔታ ተረድቶ፣ አስቀድሞ በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት ራሱን የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ነው። እጅግ ቀላል የሆነው ሮቦት እንኳ አምስት ነገሮች ያስፈልጉታል። እነዚህም ብርሃንን ወይም ርቀትን የሚለይ መዳሰሻ፣ ትእዛዝ የሚሰጥ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ ጎማን የሚያዞር ሞተር፣ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ እንዲሁም ሁሉን የሚሸከም አካል ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል የቀሩት አራቱ ዋጋ አይኖራቸውም። ስለዚህ የብዙ ተማሪዎች ፈጠራ ከወረቀት ሳያልፍ የሚቀረው ዕውቀት ስለሚያንሳቸው ብቻ ሳይሆን፣ ገንዘብና መሣሪያ ስለሚያጡም ነው። ታዲያ ይህን ችግር ማቃለል የሚቻለው እንዴት ነው? የዩጋንዳ ዋና ከተማ የካምፓላ ልምድ ለዚህ ጥያቄ አንዳንድ መልሶችን ይሰጠናል።

በካምፓላ ኮረብታ ላይ የሚገኘው የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን የጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1922 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነበረ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 14 ብቻ ነበሩ፤ የሚማሩትም አናጢነትን፣ ግንበኝነትንና መካኒክነትን ነበር። ስለዚህ በዚህ ተቋም በእጅ መሥራት ከመነሻው የትምህርቱ አካል ነበረ ማለት ይቻላል።

ገንዘብ ለማግኘት የሚረዳው የመጀመሪያው መንገድ ከሌሎች ጋር ተባብሮ ሥራን መጀመር ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ነዳጅ ቆጣቢ መኪና ለመሥራት ሲነሡ፣ የልዩ ልዩ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ሥራውን ተከፋፈሉት። ከእነርሱም አንዱ ማኬሬሬ ነበረ። «ቪዥን 200» የተባለው ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ2008 በኢጣሊያ በቶሪኖ ከተማ ለእይታ ቀረበ። ማኬሬሬ ከዚህ ትብብር ያገኘው ትልቁ ትርፍ ልምድ ነው። ከልምዱም ጋር «እንችላለን» ብሎ በማስረጃ ለመናገር የሚያበቃ ታሪክ አገኘ። ገንዘብ ያለው ሰው ወይም ድርጅት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ከዚህ በፊት ምን ሠርታችኋል?» ብሎ ነውና፣ ይህ ታሪክ ቀላል ሀብት አልነበረም።

ሁለተኛው መንገድ የመንግሥት ድጋፍ ነው። ፕሮፌሰር ቲኮድሪ ቶግቦአና ጳውሎስ ሙሳሲዚ ከሌሎች መምህራንና ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው፣ በዩጋንዳ ምድር የሚሠራ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚነዳ መኪና ዐቀዱ። ወጪውንም የአገሪቱ መንግሥት ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ከመደበው ገንዘብ አገኙ። በዚህ ሁኔታ የተሠራው ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና «ኪራ» ተባለ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2011 በካምፓላ በሕዝብ ፊት ተነዳ። ባትሪው አንድ ጊዜ ከተሞላ እስከ 80 ኪሎ ሜትር ድረስ መጓዝ እንደሚችልም ተገለጸ።

ይሁን እንጂ ሥራው ያለ ትችት አላለፈም። የመኪናው አካል በአገር ውስጥ ቢሠራም ሞተሩና ባትሪው ከውጭ የመጡ ስለ ነበሩ፣ «ይህ የዩጋንዳ መኪና ሊባል ይችላልን?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ብዙ ነገር የሚጎድላት አገር ለመኪና ሙከራ ገንዘብ ማውጣት ይገባታልን የሚሉም አልጠፉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ የሚጠቀም ሁሉ ለሕዝብ መልስ መስጠት አለበትና። መልሱንም ቃል ሳይሆን ቀጣዩ ሥራ ነው የሚሰጠው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2011 ቢቆም ኖሮ የቀረው የአንድ ቀን ትርኢት ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ከአምስት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 ከፀሐይም ኃይል የሚያገኝ «ካዮላ» የተባለ 35 መቀመጫ ያለው አውቶቡስ ለእይታ ቀረበ። ሥራውም ከዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ወጥቶ ኪራ ሞተርስ የተባለ የመንግሥት ኩባንያ ሆነ። ለፋብሪካውም በጂንጃ ቦታ ተሰጠው።

ሦስተኛው መንገድ ውድ መሣሪያን በጋራ መጠቀም ነው። አንድ መሣሪያ በአንድ ክፍል ተቆልፎ በሳምንት ለሁለት ሰዓት ብቻ ቢያገለግል፣ የቀረው ጊዜ ባክኗል። የማሳቹሴትስ መምህራን ይህን ተመልክተው፣ ከ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መረብ አማካይነት ከሩቅ ሆነው ሙከራ የሚያደርጉበትን ዘዴ አዘጋጁ። ይህ ዘዴ በካርኔጊ በጎ አድራጎት ድርጅት ርዳታ ወደ ማኬሬሬ፣ ወደ ታንዛኒያው ዳሬ ሰላም ዩኒቨርሲቲና በናይጄሪያ በኢፌ ወደሚገኘው የኦባፌሚ አዎሎዎ ዩኒቨርሲቲ ተላለፈ። ከዚህ የምንማረው ነገር ሰፊ ነው። ለምሳሌ በአንድ ወረዳ የሚገኙ ሦስት ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዓይነት መሣሪያ ገዝተው በየተራ ቢዋዋሱ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ወጪ የሦስቱን አገልግሎት ያገኛሉ።

አራተኛው መንገድ ወጪን መቀነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የሚያስተምሩት ኬን ጎልድበርግና በጋና የሚያስተምሩት አዮርኮር ኮርሳ የአፍሪካ የሮቦት ሥራ ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩም በ10 ዶላር ገደማ የሚሠራ የትምህርት ሮቦት እንዲነደፍ ውድድር አወጣ። ካሸነፉት ሥራዎች አንዱ «ሎሊቦት» ሲሆን፣ ዋጋው 8.96 ዶላር ብቻ ነበረ። ሠሪው የቴሌቪዥን ጨዋታ መቆጣጠሪያን ፈትቶ፣ በውስጡ ያሉትን ሁለት ጥቃቅን ሞተሮች ለመንቀሳቀሻ ተጠቀመባቸው። ሮቦቱም ሚዛኑን እንዲጠብቅ ባለ እንጨት ከረሜላዎችን ሰካበት። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2005 በኢጣሊያ ለተማሪዎች ተብሎ የተሠራው «አርዱዊኖ» የተባለው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ንድፉ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ማንም ሊሠራው ይችላል፤ በዚህም ምክንያት ዋጋው ረክሷል።

ወጪን ለመቀነስ ሩቅ መሄድም ላያስፈልግ ይችላል። በካምፓላ የካትዌ መንደር በብረት ሠራተኞቹና በበያጆቹ፣ የኪሴካ ገበያ ደግሞ በመኪና መለዋወጫ የታወቁ ናቸው። በአዲስ አበባም በመርካቶ ውስጥ የምናለሽ ተራ አለ። ከተበላሸ የኮምፒዩተር ማተሚያ ሞተርና ጥርስ፣ ከአሮጌ ሬዲዮ ሽቦ፣ ከተጣለ ቆርቆሮ ደግሞ አካል ይገኛል። ካቻቪቴና ፒንሳ መያዝ የሚያውቅ ተማሪ ሌላው ሰው ቆሻሻ የሚለውን ክምር እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት ያየዋል። የአሮጌ ባትሪ አፈታት ግን አደገኛ ስለ ሆነ፣ ያለ መምህር ቁጥጥር መነካት የለበትም።

አምስተኛው መንገድ ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በዋሽንግተን የተጀመረው ዓለም አቀፍ የወጣቶች የሮቦት ውድድር ከ150 በላይ አገሮችን አሰባስቧል። ለየአገሩ ቡድንም ተመሳሳይ የመሥሪያ ዕቃ ይላክ ነበር። ነገር ግን በስጦታ የመጣ ዕቃ ሁሉ ዘላቂ ነው ማለት አይደለም። ሌጎ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ሲሸጥ የነበረውን የሮቦት መሥሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አቁሟል። ስለዚህ ስጦታ ሲመጣ «ይህ ቢሰበር መለዋወጫውን ከየት እናገኛለን?» ብሎ መጠየቅ ምስጋና ማጣት ሳይሆን አርቆ ማሰብ ነው።

ከላይ ከተዘረዘሩት መንገዶች የትኛውንም ብንመርጥ፣ ርዳታ የሚጠይቀው ጽሑፍ በጥንቃቄ መዘጋጀት አለበት። ጥሩ ማመልከቻ ለአምስት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል፦ ምን ልንሠራ ነው? ለማን ይጠቅማል? ምን ምን ዕቃ፣ በስንት ዋጋ ያስፈልጋል? በስንት ጊዜ ይጠናቀቃል? ኃላፊነቱን የሚወስደውስ ማን ነው? «ድሆች ነንና እርዱን» የሚል ደብዳቤ ርኅራኄን ያነሣሣ ይሆናል፤ እምነትን ግን አያሳድርም። «ሰውነቱን ከቁራጭ ብረት ሠርተናል፤ የቀሩን ሁለት ሞተሮች ናቸው፤ ዋጋቸውም ይህን ያህል ነው» የሚል ደብዳቤ ግን ረጂውን የሥራው ተካፋይ ያደርገዋል።

ገንዘቡ ከተገኘ በኋላም ሥራው አላለቀም። ለእያንዳንዱ ወጪ ደረሰኝ መያዝ፣ ዕቃውን በመዝገብ ማስፈር፣ ቁልፉንም ኃላፊነት ለሚሰማው ሰው መስጠት ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጨርሰው ከመሄዳቸው በፊት የሚያውቁትን ለታናናሾቻቸው ማስተማር ይገባቸዋል። ይህ ካልሆነ መሣሪያው በሣጥን ውስጥ አቧራ ለብሶ ይቀራል፤ የሚቀጥለውም ዓመት ተማሪ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይለምናል። በማኬሬሬ ከአንዲት ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና ወደ አውቶቡስ የተደረሰው፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው ስለ ቀጠለው ነው።