ቆሞ የሚያንቀላፋ ዘበኛ፦ የኔትወርክ ጥበቃ መሣሪያ ጤንነት እንዴት ይታወቃል?

የአንድ ባንክ፣ ሆስፒታል ወይም ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ከኢንተርኔት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ የሚቀመጠውና በተለምዶ ፋየርዎል የሚባለው የጥበቃ መሣሪያ፣ ከውጭ ሲታይ መብራቶች ብልጭ ድርግም የሚሉበት የብረት ሣጥን ነው። ከውስጥ ግን ከማንኛውም ሰርቨር ብዙ የማይለይ ኮምፒውተር ሲሆን፣ በአብዛኛው በሊኑክስ ወይም ከዩኒክስ ቤተሰብ በተገኘ ሌላ ስርዓተ ክወና ይሠራል፤ የጥበቃውን ተግባር የሚያከናውኑትም ጎን ለጎን የሚሮጡ በርካታ ፕሮግራሞች ናቸው። በሥራ ላይ ያለ እያንዳንዱ ፕሮግራም ፕሮሰስ ይባላል፤ ከእነዚህም መካከል ማንም በየጊዜው ሳያዛቸው ቀንና ሌሊት ከበስተጀርባ አገልግሎት የሚሰጡት የሰርቨር ፕሮሰሶች ናቸው። ስለዚህ «ፋየርዎሉ ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል የሚመለስ ቢመስልም የብዙ ጥያቄዎች ድምር ነው፤ መብራቱ በርቶ፣ ትራፊኩም እያለፈ፣ ከዋና ዋና ሥራዎቹ አንዳንዶቹ ከቆሙ ሰነባብተው ሊገኙ ይችላሉ።

ይህ ሊሆን የሚችለው በሣጥኑ ውስጥ የሥራ ክፍፍል ስላለ ነው። መረጃ ተቆራርጦ የሚላክባቸውን ጥቅሎች፣ ማለትም ፓኬቶችን፣ በፍጥነት መርምሮ የሚያሳልፈው ወይም የሚጥለው ክፍል ብዙውን ጊዜ የሚሠራው የስርዓተ ክወናው እምብርት በሆነው በከርነል ውስጥ ሲሆን፣ ሎግ መመዝገብ፣ አዲስ ደንብ ከማዕከል መቀበል፣ የቫይረስ ዝርዝር ማደስና የተጠቃሚን ማንነት ማረጋገጥ ግን ከከርነሉ ውጭ ለሚሮጡ ፕሮሰሶች የተተወ ነው። ሎግ የሚጽፈው ፕሮሰስ ቢሞት ፓኬቶቹ መተላለፋቸውን ይቀጥላሉ፤ ማን መቼ ከየት እንደገባ የሚመሰክር መዝገብ ግን አይኖርም። የቫይረስ ዝርዝሩን የሚያድሰው ቢሞት ደግሞ መሣሪያው የትናንቱን ጥቃት እያወቀ የዛሬውን ሳያውቅ ይውላል።

ከሁሉም ይልቅ አሳሳች የሆነው የቪፒኤን ጉዳይ ነው። ሁለት ቅርንጫፎች በኢንተርኔት ላይ ምስጢራዊ መስመር፣ ማለትም ቪፒኤን፣ ሲዘረጉ፣ አይክ በሚባለው ስምምነት መሠረት በዩዲፒ ፖርት 500 በኩል የምስጠራ ቁልፍ ይደራደራሉ፤ ድርድሩን የሚያካሂደው አንድ ፕሮሰስ ሲሆን፣ የተገኘውን ቁልፍ ይዞ መረጃውን የሚመሰጥረው ግን በአብዛኛው ከርነሉ ነው። ተደራዳሪው ፕሮሰስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ድንገት ቢሞት፣ ከርነሉ በእጁ ባለው ቁልፍ ሥራውን ስለሚቀጥል፣ ሌላኛው ወገን ቀድሞ ካላቋረጠ በስተቀር፣ ለጊዜው ማንም ምንም አይሰማውም። በብዙ መሣሪያዎች 1 ሰዓት ተደርጎ የሚወሰነው የቁልፉ ዕድሜ ሲያበቃ ግን አዲስ ቁልፍ የሚደራደር ስለማይኖር መስመሮቹ በየተራ ይቋረጣሉ፤ ባለሙያውም የችግሩን መነሻ 4 ሰዓት ገደማ በሆነው ነገር ውስጥ ሲፈልግ፣ እውነተኛው ምክንያት ቀደም ብሎ፣ ሁሉም ነገር ሰላም በመሰለበት ሰዓት የተፈጸመ ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የኖረው ሌሎቹን የሚከታተል አንድ ተጨማሪ ፕሮሰስ መመደብ ሲሆን፣ ይህ ተቆጣጣሪ በሙያው አጠራር ዎችዶግ ይባላል። በዩኒክስ ሥርዓት እያንዳንዱ ፕሮሰስ መለያ ቁጥርና ያስነሣው ወላጅ ፕሮሰስ አለው፤ ልጁ ሲሞት ከርነሉ ወላጁን ያረዳዋል፣ የአሟሟቱንም ዓይነት ይነግረዋል። የተመለሰው ቁጥር 0 ከሆነ ፕሮሰሱ ሥራውን ጨርሶ በሰላም ወጥቷል፤ በማቋረጫ ምልክት፣ ማለትም በሲግናል 11 ከሆነ ያልተፈቀደለትን የሚሞሪ ቦታ ሊነካ ሲል ተይዟል፤ በሲግናል 9 ከሆነ በግዳጅ ተገድሏል፣ ይህም ሚሞሪ አልቆ ከርነሉ ራሱ አንዱን ለመሠዋት ሲገደድም የሚደርስ ነው። ወላጅ ሳይሆን የመለያ ቁጥሩን ብቻ ይዞ «ይህ ቁጥር አለ ወይ?» እያለ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ ግን በቀላሉ ይታለላል፤ ሞቶ ወላጁ ገና ከመዝገብ ያላሰረዘው፣ ዞምቢ የሚባል ፕሮሰስ ቁጥሩ እንዳለ ስለሚቆይና፣ የጠፋ ቁጥርም ከጊዜ በኋላ ለሌላ ፕሮሰስ ስለሚሰጥ፣ መልሱ «አለ» ሆኖ ሳለ አገልግሎቱ ከጠፋ ቆይቶ ሊሆን ይችላል።

ከሞት ይልቅ የሚከብደው ግን ሳይሞቱ ሥራ ማቆም ነው። በሩ ላይ ቆሞ የሚያንቀላፋ ዘበኛ ለሚያልፍ ሰው በሥራ ላይ ያለ እንደሚመስል ሁሉ፣ ሁለት የፕሮሰሱ ክፍሎች እርስ በርስ እየተጠባበቁ የተቆላለፉበት ወይም ማብቂያ በሌለው ዙር ውስጥ የገባ ፕሮሰስም በዝርዝሩ ላይ በሕይወት ያለ ሆኖ ይታያል። ይህን ለመለየት የተዘረጋው ዘዴ የልብ ምት የሚባለው ሲሆን፣ ፕሮሰሱ ራሱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ «ደህና ነኝ» የሚል ምልክት እንዲልክ ይገደዳል፤ ምልክቱ ከቀረ እንደሞተ ይቆጠራል። በዛሬዎቹ የሊኑክስ ሥርዓቶች አገልግሎቶችን የሚያስተዳድረው ሲስተምዲ ይህን አሠራር የሚደግፍ ሲሆን፣ ገደቡ 30 ሰከንድ ተብሎ ከተወሰነ ፕሮሰሱ በየ15 ሰከንዱ እንዲልክ ይመከራል። ምልክቱ ዋጋ የሚኖረው ግን ዋናውን ሥራ ከሚሠራው የፕሮግራሙ ክፍል ሲመጣ ነው፤ ምልክት ከመላክ በቀር ሌላ ተግባር ከሌለው ክፍል የሚመጣ ከሆነ፣ ሥራው ቆሞም ምልክቱ ይቀጥላል።

ዎችዶጉ አንድ ፕሮሰስ መሞቱን ሲያውቅ መልሶ ያስነሣዋል፣ ይህም በብዙ ሁኔታ አገልግሎቱን በሰከንዶች ውስጥ ይመልሳል። የተሳሳተ ፋይል ያነበበ ፕሮሰስ ግን ስንት ጊዜ ቢነሣ ያንኑ ፋይል አንብቦ መሞቱ ስለማይቀር፣ ለማስነሣቱ ገደብ ይደረግበታል፤ ሲስተምዲ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር በ10 ሰከንድ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ አያስነሣም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ያሰራጨው የተበላሸ ማሻሻያ፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ሲጥል የታየውም ይኸው የተበላሸ ፋይልን ደጋግሞ አንብቦ የመውደቅ ችግር ነው። ስህተቱ የተከሰተው በከርነል ውስጥ በመሆኑ ፕሮሰስ የሚከታተል ዎችዶግ ሊደርስለት አልቻለም፤ ኩባንያው ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢመልሰውም፣ ቀድሞ የደረሳቸው ብዙ ኮምፒውተሮች በተነሡ ቁጥር ያንኑ ፋይል እያነበቡ ስለወደቁ፣ በሰው እጅ አንድ በአንድ እስኪጸዱ ድረስ ቀናት ወስዷል።

ማስነሣት ጊዜ ይገዛል እንጂ ምክንያቱን አያጠፋም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1997 በማርስ ላይ ያረፈችው የናሳ ፓዝፋይንደር መንኮራኩር ከቀናት በኋላ በራሷ ጊዜ እየጠፋች መነሣት ጀመረች። በውስጧ አንዱ ተግባር ሌላው በ0.125 ሰከንዱ ዙር ሥራውን መጨረሱን ይፈትሽ ነበር፤ ዝቅተኛ ቅድሚያ የተሰጠው የአየር ጠባይ ተግባር በአንድ ጊዜ አንድ ተግባር ብቻ የሚይዘውን የጋራ ቁልፍ እንደያዘ በመካከለኛ ተግባራት ስለሚቀደም፣ ያንኑ ቁልፍ የሚጠብቀው ከፍተኛው ተግባር ይዘገይ ነበር፤ ፈታሹም መዘግየቱን ሲያይ መላውን ሥርዓት ያስነሣል። ማስነሣቱ መንኮራኩሯን አትርፏል፤ ችግሩ የተፈታው ግን መሐንዲሶች በምድር ባለው ቅጂ ላይ ያንኑ ሁኔታ ደግመው፣ የተግባራቱን ቅደም ተከተል የሚመዘግበውን መሣሪያ አንብበው፣ ማስተካከያውን ወደ ማርስ ከላኩ በኋላ ነው።

በጥበቃ መሣሪያ ላይ ደግሞ ተደጋጋሚ ሞት ከብልሽት ያለፈ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በወደቀ ቁጥር ሳይለወጥ የሚነሣ ሰርቨር ለአጥቂው የመገመቻ ዕድል ይሰጣል። ፕሮግራሞች ሚሞሪያቸው መነካቱን የሚያውቁበት የ8 ባይት ምስጢራዊ ቁጥር አለ፤ በአንድ ጊዜ ሊገምተው ለሚሞክር ሰው የማይቻል ነው፤ ፕሮሰሱ በዚያው ቁጥር መልሶ የሚነሣ ከሆነ ግን አጥቂው ባይት በባይት እየገመተ፣ በየባይቱ ቢበዛ 256፣ በጠቅላላው 2,048 ሙከራ ያገኘዋል። ተመራማሪዎቹ በዚህ መንገድ ኢንጂንኤክስ የተባለውን ታዋቂ የዌብ ሰርቨር ከ4,000 በታች በሆኑ ጥያቄዎች ተቆጣጥረውታል። እያንዳንዱ የተሳሳተ ግምት አንድ ሞት ነው፤ ሞቱን የሚቆጥር ሰው ጥቃቱን ገና በሂደት ላይ ሳለ ሊያየው ሲችል፣ ማስነሣቱን ብቻ የሚያይ ግን «ሁሉም ይሠራል» ብሎ ያልፋል።

የእስራኤሉ ኩባንያ የቼክ ፖይንት መሣሪያዎች ላይ ያለው የዎችዶግ ሰንጠረዥ ይህን በግልጽ ያሳያል። በእያንዳንዱ መስመር የፕሮሰሱ ስም፣ መለያ ቁጥሩ፣ በሥራ ላይ ከሆነ «ኢ» ከሞተ «ቲ» የሚል ፊደል፣ የተነሣበት ሰዓትና ዎችዶጉ ስንት ጊዜ እንዳስነሣው ተጽፎ ይገኛል። የጀማሪ ዓይን «ኢ» መሆኑን አይቶ ይመለሳል፤ ልምድ ያለው ግን መሣሪያው ከተነሣ ወራት ሆኖት ሳለ አንዱ ፕሮሰስ ትናንት ሌሊት ለ14ኛ ጊዜ መነሣቱን ሲያይ እዚያ ላይ ይቆማል።

ዎችዶጉ ራሱ ግን በዚያው ሣጥን ውስጥ ስለሚኖር ከሣጥኑ ጋር አብሮ ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ ከውጭ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ጥንድ ሆነው በሚሠሩ መሣሪያዎች ላይ ቪአርአርፒ በሚባለው ስምምነት መሠረት ዋናው በየሰከንዱ መኖሩን ያስታውቃል፤ ተጠባባቂው ከ3 እስከ 4 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ካልሰማ ሥራውን ይረከባል። ማስታወቂያውን የሚልከው ክፍል ጤነኛ ሆኖ ሎጉ ወይም ቪፒኤኑ የሞተበት መሣሪያ ግን ዋናነቱን አይለቅም፤ በመሆኑም የዋና ዋና ፕሮሰሶች መሞት የመሣሪያውን ቅድሚያ ዝቅ እንዲያደርግ ሁለቱን ማያያዝ የግድ ነው። ሎጎቹን የሚቀበለው ማዕከልም ዝምታን እንደ ምልክት መቁጠር አለበት፤ በሥራ ሰዓት ለ10 ደቂቃ አንድም መስመር ያልላከ ፋየርዎል ሰላም የሆነ ሳይሆን መፈተሽ ያለበት ነው።

በአጠቃላይ የጥበቃ መሣሪያ ጤንነት የሚለካው በሦስት ነገሮች ነው፦ ፕሮሰሱ መኖሩ፣ እውነተኛ ሥራውን ሲፈተን መልስ መስጠቱ፣ ስንት ጊዜ ሞቶ እንደተነሣም መታወቁ። የመጀመሪያውን ማንኛውም መሣሪያ ይናገራል፤ ሁለተኛው ከውጭ በሚደረግ ሙከራ፣ ለምሳሌ በየጊዜው የሙከራ ቪፒኤን መስመር በመክፈት ይረጋገጣል፤ ሦስተኛው ግን ካልጠየቁት አይነገርም። መሣሪያ የሚገዛ ድርጅት የማስነሣቱ ቁጥርና ፕሮሰሱ ሲሞት የሚተወው የሚሞሪ ቅጂ ወደ ውጭ ተልከው የሚቀመጡበት መንገድ እንዲኖር በውሉ ውስጥ ማስገባት፣ ቅጂውንም የሚመረምር ባለሙያ በስም መመደብ ይኖርበታል፤ መልሶ የማስነሣቱ ሥራ ሲያበቃ የዚህ ሰው ሥራ ይጀምራልና።