«ኔትዎርክ የለም» ሲባል የሌለው ምንድን ነው? ስለ ገመድ አልባ አውታር ስያሜዎች

1. መነሻ

በካፋ ዞን፣ በጨና ወረዳ፣ በዋጫ ከተማ የሚኖር አንድ መምህር ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ «ኔትዎርክ የለም» አለ እንበል። ይህ አነጋገር በዕለት ንግግር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይወክላል። ኮምፒዩተሩ በአካባቢው ምንም ሞገድ አላገኘ ይሆናል፤ ሞገዱን አግኝቶ እንዳይገባ ተከልክሎ ይሆናል፤ ወይም ከቤቱ ራውተር ጋር በሚገባ ተገናኝቶ ሳለ ራውተሩ ራሱ ከውጭው ዓለም ተቋርጦ ይሆናል። የሦስቱም መፍትሔ የየቅል ነው። መለያ ቃል ካልተበጀላቸው መምህሩ ጤነኛ ኮምፒዩተር ተሸክሞ ለማስጠገን ቦንጋ ድረስ ሊመላለስ ይችላል። ስለሆነም ጉዳዩ ቃል የማሳመር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ አሠራሩን ባጭሩ ገልጸን፣ ለተርጓሚዎች ይበጃሉ የምንላቸውን ስያሜዎች እናቀርባለን።

2. አሠራሩ

ኮምፒዩተሩና ራውተሩ የሚነጋገሩት በራዲዮ ሞገድ ነው። ለዚሁ የወጣው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ደረጃ 802.11 በመባል የሚታወቀው ሲሆን የታተመውም እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በብዛት የሚሠራባቸው ሞገዶች 2.4 እና 5 ጊጋ ኸርዝ ናቸው። የመጀመሪያው የሞገድ ርዝመት 12.5 ሳንቲ ሜትር፣ የሁለተኛው 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። 5 ጊጋ ኸርዝ ብዙ መረጃ በፍጥነት ያስተላልፋል፤ ነገር ግን ግድግዳና ቅጠል ይበልጥ ያደክሙታል። ቆርቆሮ ደግሞ ሁለቱንም መልሶ ያንጸባርቃል። ዛፍ በበዛበትና ዝናብ በማይጠፋበት እንደ ካፋ ባለ አገር፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ለማድረስ 2.4 ጊጋ ኸርዝ የተሻለ ነው የሚባለው ስለዚህ ነው።

ተጠቃሚው በቅድሚያ የኮምፒዩተሩን የገመድ አልባ መቀበያ ያበራል። ቀጥሎ ከሚታየው ዝርዝር የአውታሩን ስም ይመርጣል፤ የይለፍ ቃሉንም ያስገባል። ቃሉ ትክክል ከሆነ ራውተሩ ለኮምፒዩተሩ የቁጥር አድራሻ ይሰጠዋል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ በቤት ውስጥ የሚፈጸም ነው። ከራውተሩ ወደ በይነ መረብ የሚወስደው መስመር ሌላ ነው፤ አንደኛው ሲቋረጥ ሁለተኛው ደኅና ሊሆን ይችላል።

3. ስያሜዎቹ

ሀ) ገመድ አልባ አውታር፦ አንዳንድ ተርጓሚዎች ይህን ስያሜ ይነቅፉታል። አውታር የበገናና የክራር ጅማት፣ የድንኳንም መወጠሪያ ገመድ ነውና «ገመድ የሌለው ገመድ» እንደ ማለት ይሆናል ይላሉ። ነቀፋው ከሥርወ ቃል አንጻር እውነትነት አለው። ነገር ግን «የመንገድ አውታር» ስንል ገመድ በሐሳባችን አይመጣም፤ ቃሉ ከጅማትነት ወደ ትስስርነት ተሻግሯልና። «ስልክ» የሚለውም በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነበር፤ ዛሬ ሽቦ የሌለውን የእጅ መሣሪያ ስልክ ስንል የሚከራከር የለም። ስለዚህ ስያሜው ይጽና እንላለን።

ለ) ዋይፋይ፦ ብዙዎች የአህጽሮት ቃል አድርገው ሊተረጉሙት ይሞክራሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ የወጣ የንግድ ስያሜ እንጂ የተቀነጨበ ሐረግ አይደለም። እንዳለ በፊደላችን መጻፍ ይገባል።

ሐ) ራውተር፦ እንደ ራዲዮ ሁሉ ከዕቃው ጋር የገባ ስም ነው። «አዟሪ» ወይም «መሪ» ብንለው ሱቅ ሄዶ የሚጠይቅበት አይገኝም።

መ) ምስጠራ፦ ከምስጢር የወጣ በመሆኑ ተስማሚ ነው። ነገር ግን ተርጓሚው «የተመሰጠረ» የሚለውን «አስተማማኝ» በሚል ሊተካው አይገባም። ከአውታሩ ስም አጠገብ የሚታየው የቁልፍ ምልክት፣ በኮምፒዩተሩና በራውተሩ መካከል ያለው ንግግር መመስጠሩን ብቻ ያመለክታል፤ ከዚያ ወዲያ ስላለው መንገድ ዋስትና አይሰጥም።

4. ማጠቃለያ

በመነሻችን ለጠቀስናቸው ሦስት ሁኔታዎች የሚከተሉትን መልእክቶች እናቀርባለን። ለመጀመሪያው «አውታር አልተገኘም»፤ ለሁለተኛው «መገናኘት አልተቻለም፤ የይለፍ ቃሉን ያረጋግጡ»፤ ለሦስተኛው «ከራውተሩ ጋር ተገናኝቷል፤ በይነ መረብ ግን የለም»። ሦስተኛው እንደሚረዝም እናውቃለን። ይሁን እንጂ አንባቢው መልእክቱን በአማርኛ አንብቦ ለጎረቤቱ በካፊ ኖኖ በሚያስረዳበት ስፍራ፣ በአንዱ ቋንቋ የደበዘዘ ቃል በሌላው ይብስ ይጨልማል። ከማጠር ይልቅ መለየት ይቅደም የምንለውም በዚሁ ምክንያት ነው።